ትንሽ የካሜራ ቦርሳ አመራረጥ፦ ቅድሚያ ለሚከፈትበት ቦታ

የካሜራ ቦርሳ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስንት ሌንስ ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። ባለ 20 ሊትር ተብለው የሚሸጡት የካሜራ ቦርሳዎች በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ካሜራ፣ ሦስት ሌንስ፣ አንድ ፍላሽና ጥቂት ባትሪ ይይዛሉ፤ በዚህ በኩል በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ አይደለም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ቦርሳው ጀርባ ላይ ሳለ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሰው እየተጋፋ ዕቃ ማውጣት ሲያስፈልግ ነው። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ቦርሳዎቹን የምመዝንበት ዋናው መስፈርት የሚከፈቱበት ቦታ ነው፤ ከፊት፣ ከጎን ወይስ በተሸካሚው ጀርባ ላይ ከሚያርፈው ወገን? ክብደት፣ ጨርቅና ዋጋ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

ግምገማው የታሰበው በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባና የአደባባይ በዓል ለሚቀርጹ፣ የራሳቸው መኪና ለሌላቸውና ከቦታ ቦታ በሚኒባስ ታክሲ ወይም በራይድ ለሚንቀሳቀሱ ባለሙያዎች ነው። የእነዚህ ሰዎች የሥራ ቀን የታወቀ ነው፤ ማለዳ ከሙሽራው ቤት ይጀምራል፣ ወደ ሙሽሪት ቤት ይሻገራል፣ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ይውላል፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ ያበቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ቦርሳን ከጀርባ አውርዶ የሚያስቀምጡበት ንጹሕና ደረቅ ቦታ እምብዛም አይገኝም፤ ለአፍታ ጥግ ላይ ትቶ መሄድም ዕቃን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ትልቅ ቦርሳ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ የማይቀመጥ ቦርሳ ከረዳቱ ጋር ያጨቃጭቃል፤ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ተሸካሚው ዞር ሲል ብርጭቆ ያስወድቃል። ስለዚህ ትንሽ ቦርሳ ስል ቁመቱ ከ48 ሴንቲሜትር የማይበልጥና ይዘቱ ከ15 እስከ 22 ሊትር የሆነውን ማለቴ ነው።

በገበያችን ለረጅም ጊዜ የተለመደው የካሜራ ቦርሳ ከፊት የሚከፈተው፣ ማለትም ዚፑ ከማንገቻው በተቃራኒ ባለው ወገን ዙሪያውን የሚሄደው ነው። ይህን ቦርሳ በአግባቡ ለመክፈት መሬት ላይ ማስተኛት ግድ ይላል፤ የሚተኛውም በማንገቻው በኩል ነው። በክረምት ጭቃ ላይ አንድ ጊዜ የተኛ ቦርሳ ተመልሶ ሲነገት፣ ማንገቻውና የጀርባው ስፖንጅ የያዙት ጭቃ በሙሉ ሸሚዝ ወይም ኮት ላይ ይታተማል። ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ለብሶ የሚሠራ ሰው ነውና ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ከዚህ የሚብሰው የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። ዚፑ ወደ ውጭ ስለሚመለከት በታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በመርካቶ መተላለፊያዎች ወይም በበዓል ግፊያ ውስጥ ከኋላ የቆመ ሰው ባለቤቱ ሳያውቅ ሊከፍተው ይችላል። ቦርሳውን በደረት በኩል ማንገት መፍትሔ ነው ቢባልም፣ እጆቹ ካሜራ ለያዙ ሰው ደረቱ ላይ ያለ ቦርሳ ሥራ የሚያስፈታ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለሚውል ወይም በራሱ መኪና ለሚሄድ ባለሙያ ግን ከፊት የሚከፈት ቦርሳ ምንም ነውር የለበትም፤ ዕቃውን ሁሉ በአንድ እይታ ስለሚያሳይ እንዲያውም ከሁሉም ይመቻል።

ከጎን ከሚከፈቱት መካከል በሰፊው የሚታወቀው የአሜሪካው ፒክ ዲዛይን ኩባንያ የሚሠራው ኤቭሪዴይ ባክፓክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት በኪክስታርተር ድረ ገጽ በኩል ለገበያ ቀረበ፤ የተሻሻለው ሁለተኛው ሞዴል በ2019 ወጣ። በ20 እና በ30 ሊትር የሚሸጥ ሲሆን እዚህ የምመዝነው ባለ 20 ሊትሩን ነው። የቦርሳው ግራና ቀኝ ከላይ እስከ ታች በሚሄድ ዚፕ በር ሆኖ ይከፈታል። ተሸካሚው አንዱን ትከሻ ከማንገቻው አውጥቶ ቦርሳውን በብብቱ ሥር ወደ ፊት ሲያዞረው አንደኛው ጎን ወደ ላይ ይሆናል፤ ዚፑን ስቦ ካሜራውን ያወጣል። ለለመደው ሰው ይህ የጥቂት ሴኮንዶች ሥራ ነው፤ ቦርሳውም መሬት አይነካም።

የዚህ ቦርሳ እውነተኛ ብልኃት ያለው በውስጡ መለያያዎች ላይ ነው። ፍሌክስፎልድ የሚባሉት እነዚህ መለያያዎች እንደ መደርደሪያ አግድም ገብተው ቬልክሮ በሚባለው ተለጣፊ ጨርቅ ይያዛሉ፤ ጫፎቻቸው ወደ ላይ ስለሚታጠፉ አንዱን መደርደሪያ ለሁለት ወይም ለሦስት ትናንሽ ክፍሎች መክፈል ይቻላል። በተራ ቦርሳ ውስጥ ረጅም ሌንስ ለማስገባት መለያያውን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ሲያስፈልግ፣ እዚህ ግን የታጠፈውን ጫፍ ዘርግቶ ማስተኛት ብቻ ይበቃል። ማለዳ 70-200 የሚባለው ረጅም ሌንስ የነበረበት መደርደሪያ ማታ አዳራሽ ውስጥ ለፍላሽና ለሁለት አጫጭር ሌንሶች ይሆናል። እኔ የምመክረው አደራደር አንዱን ጎን ለካሜራ፣ ሌላውን ጎን ለሌንስና ለባትሪ መለየት ነው፤ እጅ የትኛውን በር ለምን እንደሚከፍት ከለመደ በኋላ ማየት እንኳ አያስፈልግም። ከላይ ያለው ክዳን አራት ደረጃ ባለው ማግኔታዊ መያዣ ስለሚዘጋ ጃኬት ሲገባ ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ ይላል። መልኩም የካሜራ ቦርሳ ነኝ ብሎ የማይጮህ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ የማንም ዓይን አያርፍበትም።

ጉድለቱንም ሳልሸሽግ ልናገር። ይህ ቦርሳ ባዶውን ወደ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለ20 ሊትር ቦርሳ ይህ ከባድ ነው። የወገብ ቀበቶ አብሮት አይመጣም፤ ለብቻው ተገዝቶ የሚታከል ነው። ስለዚህ ሙሉ ጭነቱ ያለው ትከሻ ላይ ነው፤ ለስድስት ሰዓት ያህል ከቆሙ በኋላ ትከሻው ላይ የሚሰማውን ማንኛውም ሰርግ ቀራጭ ያውቀዋል። ሌላው አደጋ ከጎን የሚከፈቱትን ሁሉ የሚመለከት ነው፤ በችኮላ ዚፑ ሳይዘጋ ቦርሳው ወደ ጀርባ ከተመለሰ በጎን በኩል ያለው ሌንስ የሚያርፈው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው። ዚፑን ሳይዘጉ ቦርሳውን ያለማዞር ልማድ እጅ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይህን ዓይነት ቦርሳ ለሥራ ማሰማራት አይመከርም። ዋጋውም ከ250 ዶላር በላይ በመሆኑ ለጀማሪ አቅም የሚታሰብ አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት ተሸካሚው ጀርባ ላይ በሚያርፈው ወገን የሚከፈተው ነው፤ ለእኛ ሁኔታ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ አሠራር የታወቀ ምሳሌ የሎውፕሮ ፍሊፕሳይድ ነው። ሎውፕሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት፣ ተራራ ወጪና ፎቶ አንሺ በነበረው በግሬግ ሎው የተመሠረተ ስለሆነ፣ ቦርሳ መሬት የማይቀመጥበትን ሁኔታ ከጅምሩ የሚያውቅ ድርጅት ነው። የፍሊፕሳይድ በር ማንገቻዎቹ መካከል፣ የተሸካሚው ጀርባ በሚነካው ስፖንጅ ላይ ነው። ቦርሳው እስከተነገተ ድረስ በሩ በሰውነት ተዘግቷል፤ ሌባ ዚፑን ለማግኘት ተሸካሚውንና ቦርሳውን ማለያየት ይኖርበታል። ምላጭ ይዞ የሚመጣውን እንኳ የውጩ ጨርቅ፣ የስፖንጁ ውፍረትና የውስጥ ሽፋኑ ተደራርበው ያዘገዩታል።

አከፋፈቱን በቅርበት ላሳይ፤ ብዙ ሰው ቦርሳውን ገዝቶ እንኳ ይህን ጥቅሙን ሳያውቅ ይኖራልና። በመጀመሪያ የወገብ ቀበቶው በደንብ ይጠብቃል። ከዚያ የደረት ማሰሪያው ይፈታል፣ ሁለቱም ትከሻዎች ከማንገቻው ይወጣሉ፣ ቦርሳው በወገብ ዙሪያ ተንሸራቶ ወደ ፊት ይመጣል። አሁን የቦርሳው ታች ወደ ሆድ፣ ራሱ ወደ ውጭ፣ በሩ ደግሞ ወደ ላይ ሆኖ እንደ ገበታ ይዘረጋል። አንድ እጅ ከሥሩ ደግፎ ሌላው እጅ ዚፑን ይከፍታል፤ ሌንስ የሚቀየረውም ክፍቱ ቦርሳ ላይ ስለሆነ ድንገት ከእጅ ቢያመልጥ የሚወድቀው ስፖንጅ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የአደራደር ሕግ አለ፤ ከባዱ ዕቃ፣ በተለይም 70-200 ሌንስ፣ ከታች ወደ ወገብ ቀበቶው ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ከላይ በኩል ከተቀመጠ ቦርሳው ወደ ፊት ሲዞር ያጋድላል፤ ደጋፊው እጅም ይዝላል።

ጃን ሜዳ ላይ ጥር 11 ታቦታቱ ባሉበት፣ ወይም መስከረም 16 ማታ መስቀል አደባባይ ላይ ደመራው ሲለኮስ ለሚሠራ ሰው ይህ አከፋፈት የሚሰጠውን ነፃነት ሌላው አይሰጥም። ዙሪያው ሰው ነው፤ ቦርሳ የሚወርድበት አንድ ክንድ የሚሆን ባዶ መሬት የለም፤ ምድሩም ወይ ጭቃ ወይ አቧራ ነው። መግቢያ ላይ ያለው ፍተሻም ይቀላል፤ ቦርሳው ወደ ፊት ዞሮ ሲከፈት ፈታሹ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ያያል፣ ሌንስ እየተነሣ መሬት የሚቀመጥበት ምክንያት አይኖርም። መሬት ማስቀመጥ ግድ ቢል እንኳ ጭቃውን የሚነካው የውጩ ፊት ስለሆነ ማንገቻውና የጀርባው ስፖንጅ ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ።

የዚህ ዓይነት ቦርሳ ድክመት ፍጥነቱ ላይ ነው። ከጎን ከሚከፈተው ይዘገያል፤ ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ያለችውን ቅጽበት ቦርሳ እያዞሩ አይደርሱባትም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ካሜራ ሁልጊዜ ትከሻ ላይ መሆን አለበት። በትናንሾቹ ሞዴሎች ላይ ላፕቶፕ ማስገባት አይታሰብም፤ ቀበቶውም ቀጭን ስለሚሆን ከባድ ጭነት ሲኖር ወገብን ይቆርጣል። ኮት የሚለብስ ሰው ደግሞ ቀበቶውን ከኮቱ ሥር ማሰር ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቦርሳው ሲዞር ኮቱን አብሮ ይጎትታል። ያም ሆኖ አንድ ቦርሳ ብቻ መግዛት የሚችል የአዲስ አበባ ሰርግ ወይም በዓል ቀራጭ ምክሬን ቢጠይቀኝ ያለማመንታት የምጠቁመው ይህንን ነው።

በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ አንድ ቦርሳ አለ፤ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለው የዋንደርድ ኩባንያ ፕሮቮክ 21። ከጎንም፣ ከጀርባ ወገንም ይከፈታል፤ ከላይ ደግሞ አፉ የሚጠቀለል ስለሆነ ዕቃ ሲበዛ ይለጠጣል። የካሜራው ክፍል ለብቻው የሚወጣና የሚገባ ሳጥን ነው፤ ሲገዙ ሳጥኑ ከዋጋው ውስጥ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለብቻው የሚሸጥበት ጊዜ አለና። ሳጥኑ የታችኛውን ክፍል ሲይዝ የላይኛው ለልብስ ይቀራል። ስለዚህ ለሁለት ቀን ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር ለሚሄድ፣ ካሜራና ቅያሪ ልብስ በአንድ ቦርሳ ለሚይዝ ሰው ጥሩ ነው። ለከተማ ሰርግ ግን የላይኛው ግማሽ ባዶውን ይዞራል፤ ጥቅል አፉንም ደጋግሞ መፍታትና ማሰር ያሰለቻል። ዋጋው ከ200 ዶላር በላይ ነው።

ክብደትን በቁጥር እንመልከት፤ ግምት እዚህ ላይ ብዙ ያሳስታል። «ሶኒ ኤ7 አራት» የተባለው ካሜራ አንዱ ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 658 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ሲሆን 1,316 ግራም ይሆናል። ጂኤም ከሚባሉት የሶኒ ሌንሶች 24-70 ጂኤም ሁለተኛው ሌንስ 695፣ 70-200 ጂኤም ሁለተኛው ሌንስ የትራይፖድ ማያያዣው ሳይቆጠር 1,045፣ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 280 ግራም ናቸው። እስካሁን 3,336 ግራም ደርሰናል። ፍላሽ ከባትሪው ጋር ግማሽ ኪሎ ያህል፣ አራት ትርፍ ባትሪ እያንዳንዳቸው በ83 ግራም ሲታከሉ 4.2 ኪሎ ግራም ይጠጋል። 1.24 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማክቡክ ኤር ኤም 2 ላፕቶፕ ሲጨመር 5.4 ይሆናል። ይህን 2 ኪሎ ግራም በሚመዝን ቦርሳ የያዘ ሰው ገና ቻርጀርና ውኃ ሳይጨምር 7.4 ኪሎ ግራም ተሸክሟል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ግራም፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲሜትር ነው። ባዶውን ከ1.5 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ቦርሳ ያው ዕቃ ይዞ ከልኩ ውስጥ ይገባል፤ ከባዱ ግን በሚዛኑ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ለሚበር ባለሙያ የቦርሳው የራሱ ክብደት ከይዘቱ እኩል ሊታይ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን አሁንም በብዛት የሚሠራበት የካኖን 5ዲ ማርክ 4 ስብስብ ከዚህም ይከብዳል። ካሜራው 890 ግራም፣ የቀድሞው ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ሌንስ 1,490 ግራም፣ 24-70 ሁለተኛው 805፣ ትንሹ 50 ሚሊሜትር 160 ግራም ናቸው፤ ሁለት ካሜራ ሲያዝ ካሜራዎቹና ሌንሶቹ ብቻ 4.2 ኪሎ ግራም ያልፋሉ። እንዲህ ያለ ስብስብ ያለው ሰው የወገብ ቀበቶ የሌለውን ቦርሳ ጨርሶ ባይመለከት ይሻለዋል። ከመብረር ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ክፍል መግባት አይፈቀድለትም። የሶኒ ኤንፒ ኤፍዜድ 100 ባትሪ በባትሪ ጉልበት መለኪያ 16.4 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሊያዝ ከሚችለው የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በር ላይ ቦርሳውን ወደ ጭነት እንዲሰጡ ከተጠየቁ ባትሪዎቹን ቀድሞ ማውጣት ግዴታ ነው። ባትሪዎች በአንድ ትንሽ ከረጢት ተጠቃለው በቀላሉ በሚደረስበት ኪስ ውስጥ የሚቀመጡበት ቦርሳ በዚህ ጊዜ ዋጋው ይታወቃል።

ዝናብን በተመለከተ ሻጮች «ውኃ አያስገባም» የሚሉትን ቃል በጥንቃቄ መስማት ይገባል። የቦርሳ ጨርቅ ከውስጥ በኩል በፕላስቲክ መሰል ሽፋን ስለሚቀባ ጨርቁ ራሱ ውኃ ሊከለክል ይችላል፤ ውኃ የሚገባው ግን በስፌቱና በዚፑ ነው። የሐምሌ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ ሲወርድ ካዛንቺስ ላይ ወደ ሳር ቤት የሚሄድ ታክሲ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ቦርሳ ከላይ በኩል ባለው ዚፕ ይሸነፋል። ስለዚህ ከሥሩ በኪስ ተጣጥፎ የሚቀመጥ የዝናብ ልብስ ያለው ቦርሳ ይመረጣል፤ ሎውፕሮ ኤደብልዩ የሚል ምልክት ያለባቸው ሞዴሎቹ ይህ ልብስ አላቸው። ለሌሎቹ ለብቻው መግዛት ይቻላል። ዚፑ ደግሞ የጃፓኑ ዋይኬኬ ቢሆን ይመረጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ዚፕ የሚሠራ ድርጅት ነውና አስተማማኝነቱ በሥራ የተፈተነ ነው።

ከዝናቡ ይልቅ ብዙ ሌንስ የሚያበላሸው ከዝናቡ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። የቦርሳ ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ እርጥብ ቦርሳ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲያድር በውስጡ ያለው አየር ለሻጋታ ምቹ ይሆናል። ሻጋታ የሌንስ መስታወት ውስጥ አንዴ ከገባ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ሆኖ ይታያል፤ የመስታወቱን ስስ ሽፋን ከበላ በኋላ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። በክረምት ከሥራ የተመለሰ ሰው ሌንሶቹን አውጥቶ ክፍት መደርደሪያ ላይ ማሳደር፣ የቦርሳውን መለያያዎች ነቅሎ ማናፈስ፣ ሲሊካ ጄል የተባለውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከዕቃው ጋር ማስቀመጥና በየጊዜው መቀየር አለበት። መለያያዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚነቀሉበት ቦርሳ የሚመረጠው በዚህም ምክንያት ነው፤ ተሰፍተው የተጣበቁት ለማድረቅ ቀናት ይፈልጋሉ።

ወደ ዳሎልና ኤርታ አሌ የሚወርዱ ሰዎች ጠላታቸው ሌላ ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳሎል ዙሪያ የጨው ሜዳ የጨው ብናኝ የዚፑን ጥርስ ይሞላዋል፤ ካልተጠረገ ዚፑ ይደርቃል፣ በኃይል ሲሳብም ራሱ ይወልቃል። የጥርስ ብሩሽና ትንሽ የሻማ ሰም ይዞ መሄድ በቂ መድኃኒት ነው። በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል በእግር ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ከአከፋፈቱ ይልቅ ጭነቱን ወደ ዳሌ የሚያወርድ፣ ከጀርባ ርዝመት ጋር የሚስተካከል ማንገቻ ያስፈልጋል፤ ሺሞዳ የተባለው የካሜራ ቦርሳ ድርጅት በዚህ በኩል ጥሩ ይሠራል። የተራራ ጉዞ ግን ራሱን የቻለ ርእስ ነው።

አቅሙ ለተጠቀሱት ቦርሳዎች ለማይደርስ ጀማሪ የምደግፈው ሌላ መንገድ አለ፤ በተራ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ስፖንጅ ያለው የካሜራ ሳጥን መግዛት። የቴንባ ባይኦቢ ሳጥኖች ከታወቁት ውስጥ ናቸው፤ ዋጋቸው እንደ መጠናቸው ይለያያል። ቦርሳ በጥሩ ሁኔታ የሚሰፋ ባለሙያ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጠንከር ያለ ስፖንጅና ቬልክሮ ገዝቶ በልኩ ማሰፋት ይችላል፤ የስፖንጁ ውፍረት ከአንድ ሴንቲሜትር ባያንስ፣ ሲጫኑትም ወዲያው ተመልሶ የሚነሣ ቢሆን ነው። ይህ መንገድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተማሪ የሚይዘውን የመሰለ ቦርሳ ማንም ካሜራ አለበት ብሎ አይጠረጥርም። በአንጻሩ ዕቃ በችኮላ ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ሁልጊዜ ከላይ ገብቶ መፈለግ አለና። ስለዚህ ዕቃ ከቤት ወደ ሥራ ቦታ ለማድረስ እንጂ በሥራ ላይ እያለ ሌንስ ለመቀያየር አይሆንም።

ከእኛ አገር ባለሙያዎች ብዙዎቹ እነዚህን ቦርሳዎች የሚያገኙት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ በኩል ስለሆነ አንግተው የመሞከር ዕድል የላቸውም። በዚህ ጊዜ ሊትሩን ከማመን ይልቅ የውስጥ ልኩን በሴንቲሜትር መፈለግ ይሻላል፤ ሊትሩ የውጭ ኪሶችን ጭምር የሚቆጥር ሊሆን ይችላልና። የውስጥ ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀቱ ሲታወቅ በዚያ ልክ ካርቶን ቆርጦ አጣብቆ የራስን ዕቃ ማስገባት ነው። በተለይ መታየት ያለበት ካሜራው ከ70-200 ሌንስ ጋር እንደተገጠመ መግባት አለመግባቱ ነው። የሶኒው 70-200 ጂኤም ሁለተኛው 20 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ካሜራው ሲገጠምበት ከ26 ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ የሌንሱ ኮፍያ ተገልብጦ ሲቀመጥ ደግሞ ውፍረቱ ይጨምራል። የካኖኑ አርኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ግን ሲሰበሰብ 14.6 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ በብዙ ትናንሽ ቦርሳዎች ውስጥ ቆሞ ይገባል። ሌንሱ ተገጥሞ የማይገባ ከሆነ በየጊዜው መፍታትና መግጠም ይመጣል፤ ይህም የአቧራ በር ነው። ሴት ባለሙያዎችና ቁመታቸው አጠር ያለ ሰዎች ደግሞ የማንገቻዎቹን መራራቅና የደረት ማሰሪያው ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን አስቀድመው ቢያረጋግጡ መልካም ነው፤ አንዳንዱ ቦርሳ የተሠራው ለሰፊ ትከሻ ብቻ ነው።

ዋጋውን በዶላር የጠቀስኩት የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ነው። እዚሁ ከሱቅ ለሚገዛ ሰው ዋናው ጥንቃቄ የታወቁ ስሞች የተለጠፈባቸውን የማስመሰያ ቦርሳዎች መለየት ነው። ጽሑፉን ከመመልከት ይልቅ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ መመልከት ይገባል፤ ጥሩ ቦርሳ እዚያ ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ መስቀለኛ ሆኖ ደጋግሞ የተሰፋ ነው፣ ማስመሰያው ግን በአንድ ቀጥታ ስፌት ያልፈዋል። ቀጥሎ ዚፑ ማዕዘን ሲዞር በአንድ እጅ መሳብ፤ የሚይዝ ከሆነ ቦርሳው ሲሞላ ጨርሶ አይዘጋም። ከዚያ መለያያውን ነቅሎ መልሶ መለጠፍና ቬልክሮው አጥብቆ መያዙን ማየት፤ ከተቻለም የራስን ካሜራና ከባዱን ሌንስ ይዞ ሄዶ፣ ሱቁ ውስጥ ሞልቶና አንግቶ፣ ቦርሳውን ወደ ፊት አዙሮ ከፍቶ፣ ዘግቶና ወደ ጀርባ መልሶ መሞከር። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ጋር ገንዘብ ባያወጡ ይሻላል።